ምዕራፍ ሰባት፦ ሁለት ቀነ ገደብ ያለው ዕዳ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ዕቃ መደብር ገብቶ «በክሬዲት ላድርግልዎት?» ሳይባል የወጣ ሰው ጥቂት ነው። ሶፋውን ዳሰስ ዳሰስ እያደረጉ ሳለ ሻጩ ጠጋ ይልና «ዛሬ ምንም አይከፍሉም፤ ለ12 ወር ወለድ የለውም» ይላል። ሻጩ አልዋሸም፤ የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የተናገረው። ሌላው ግማሽ ዋጋው ከተጻፈበት ካርቶን ሥር አለ፦ «ኖ ኢንተረስት ኢፍ ፔይድ ኢን ፉል ዊዚን 12 መንዝስ»። በ12 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለውም ማለት ነው። የፌዴራሉ ደንብ፣ ማስታወቂያው ላይ «ወለድ የለም» ብሎ የጻፈ ሁሉ «ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ» የሚለውን እዚያው አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ሶፋው አጠገብ ቆሞ የሻጩን አፍ የሚጠብቅ ግን የለም።

ካልተከፈለስ? ብዙዎቻችን ወለዱ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በቀረችው ገንዘብ ላይ ብቻ የሚታሰብ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ በነበረው ዕዳ ላይ ሲታሰብና ሲመዘገብ የከረመው ወለድ በአንድ ጊዜ ተደምሮ ይመጣል። ባንኩ ወለዱን በይደር ይዞት ነበር እንጂ አልተወውም። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ነገሩን «የይደር ወለድ» እያልን እንጠራዋለን።

እውነተኛው ዜሮ በመቶ ሌላ ነው። እዚያ ጊዜው ሲያልቅ ወለድ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ወደፊት ነው፤ ያለፈው አለፈ። ባንኮች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ የሚያወጧቸው የ15 ወይም የ18 ወር ዜሮ በመቶ ካርዶች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። አንዳንድ መደብሮችም በእኩል ወርሃዊ ክፍያ የሚዘጋ ዜሮ በመቶ ያቀርባሉ፤ የየወሩ ክፍያ ራሱ ዕዳውን በቀኑ እንዲጨርስ ሆኖ የተሰላ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ከቀረቡልዎት ብዙ አያስቡ፣ እኩል ክፍያውን ይውሰዱ። እንደ አፈርም ያሉት የስልክ ላይ የክፍያ አገልግሎቶችም ወለድ በሚያስከፍሉበት ጊዜ እንኳ መጠኑን ገና ከመነሻው በዶላር ይናገራሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታሰብ ነገር የላቸውም።

የይደር ወለድ በብዛት የሚገኘው ዋጋው ከበድ ባለና ድንገት በሚያስፈልግ ነገር ላይ ነው፦ ሶፋ፣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ አራት የመኪና ጎማ፣ የቤት ማሞቂያ፣ የጋብቻ ቀለበት፣ የጥርስ ሕክምና። ካርዱ ላይ የመደብሩ ስም ይጻፍ እንጂ ገንዘቡ የባንክ ነው፤ ከኋላ ያሉት እንደ ሲንክሮኒ፣ ሲቲባንክና ብሬድ ፋይናንሻል ያሉ ድርጅቶች ናቸው። የመደብር ካርድ ከመደበኛ ክሬዲት ካርድ ይልቅ ላልቶ ስለሚሰጥ፣ የክሬዲት ታሪኩ ገና ያልዳበረ አዲስ መጤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱም እዚሁ ላይ ይሆናል፤ ክፍያው ደግሞ ከባድ ነው።

እንበል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ማርች 14 ቀን የ2,400 ዶላር የሳሎን ዕቃ በ12 ወር የይደር ወለድ ገዙ። የካርዱ ወለድ በዓመት 29.99 በመቶ ነው፤ በመደብር ካርድ ላይ እንግዳ ቁጥር አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ቢሉ መጣ። ከላይ በጉልህ «ሚኒመም ፔይመንት 70 ዶላር»፣ ከጎኑ «ዱ ዴት ኤፕሪል 10» ይላል። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ገጹ ዝቅ ሲል ግን፣ በአነስተኛ ፊደል በተሞላ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ አንድ መስመር አለ፦ የገዙበት ቀን፣ የቀረው ዕዳ፣ «በይደር ያለ ወለድ» ተብሎ የተመዘገበ ገንዘብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የማብቂያ ቀን። በይደር ያለው ወለድ በየወሩ እያበጠ ይሄዳል። ቀኑ ግን ከቦታው አይነቃነቅም፦ ማርች 14። ሕጉ ያ ቀን ከመጀመሪያው ቢል እስከ መጨረሻው በየወሩ እንዲጻፍ ያዝዛል፤ ስለዚህ «አልነገሩኝም» ማለት አይቻልም። ይነግራሉ፤ የሚነግሩት ግን በሹክሹክታ ነው።

እንግዲህ ይህ ዕዳ ሁለት ቀነ ገደብ አለው። አንደኛው በየወሩ የሚመጣው 10ኛው ቀን፣ ሁለተኛው በዓመት አንዴ የሚመጣው ማርች 14። የመጀመሪያውን ያሳለፈ ሰው የሚቀጣው 30 ወይም 40 ዶላር ገደማ ነው። ሁለተኛውን ያሳለፈ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። የሚገርመው ለመጀመሪያው ማስታወሻ በኢሜይል ይመጣል፣ በስልክ መልእክት ይመጣል፣ ቢሉ ራሱ በጉልህ ይጮኻል፤ ለሁለተኛው ግን ያቺ የሰንጠረዥ መስመር ብቻ ናት። ትልቁን አደጋ ትንሿ ፊደል ተሸክማለች። በየወሩ በቀኑ እየከፈለ «እኔ አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም» የሚል ሰው በዓመቱ መጨረሻ ደንግጦ ስልክ የሚደውለው ለዚህ ነው። እውነቱን ነው፣ አልዘገየም፤ የጠበቀው ግን አንዱን ቀን ብቻ ነው።

ሚኒመሙን መክፈል ወደ ሁለተኛው ቀን አያደርስም። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 70 በ12 ሲባዛ 840 ይመጣል፣ ዕዳው ደግሞ 2,400 ነው። ሚኒመሙ ዕዳው ሲቀንስ አብሮ ስለሚቀንስ 840ውም አይሞላም። እንዲህ የከፈለ ሰው ማርች 14 ላይ ከ1,500 ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ከ600 ዶላር በላይ የከረመ ወለድ ይጫንበታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ደግሞ በ29.99 በመቶ ይቀጥላል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኼ ነው። ሚኒመም የተሰላው ካርዱ በሰላም እንዲቆይ እንጂ የይደሩ ቀን ሳይደርስ ዕዳው እንዲያልቅ አይደለም። በእኔ ግምት የዚህ አሠራር ትርፍ በዋናነት የሚመጣው ከዚሁ ክፍተት ነው። የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በተለያዩ ጊዜያት ያወጣቸው ሪፖርቶችም በቀኑ መጨረስ የሚያቅታቸው በብዛት የክሬዲት ነጥባቸው ዝቅ ያለ ሰዎች መሆናቸውን ያሳያሉ፤ የወለዱ ሸክም የሚያርፈው አቅም ባነሰው ላይ ነው።

29.99 በመቶ እንዴት ተፈቀደ ብሎ የሚጠይቅ ያገራችን ሰው አይፈረድበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ከዚያ ያለፈውን ሰፈርተኛው «አራጣ» ብሎ ይጸየፈዋል። አሜሪካም ውስጥ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የወለድ ጣሪያ ነበራቸው፣ ዛሬም ያላቸው አሉ። ነገሩን የቀየረው በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርኬት ባንክ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። በውሳኔው መሠረት አንድ ብሔራዊ ባንክ የሚገዛው ተበዳሪው በሚኖርበት ክፍለ ግዛት የወለድ ሕግ ሳይሆን ባንኩ ራሱ በተቀመጠበት ክፍለ ግዛት ሕግ ነው። ሳውዝ ዳኮታ ጣሪያውን አነሳች፤ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ወደዚያ አዛወረ። ደላዌር በ1981 ተከተለች። ዛሬ ብዙዎቹ የመደብር ካርዶች ከዩታ፣ ከደላዌርና ከሳውዝ ዳኮታ የሚወጡት ለዚህ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ተቀምጠው ሶፋ ሲገዙ የወለድዎ ሕግ የሚመጣው አይተውት ከማያውቁት አገር ነው።

የጥርስ ሐኪም ቤቱ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ምክንያቱም እዚያ ሰው ሸማች መሆኑን ይረሳል። ጥርሱ ያመመው፣ ፊቱ ያበጠ፣ መርፌ ገና ያልለቀቀው ሰው ነው። የሥራ ግምቱ 3,000 ዶላር ይባላል፤ ኢንሹራንስ ግማሹንም አይሸፍንም። እንግዳ ተቀባይዋ ታብሌት ታቀርባለች። ልጅቱ ሐበሻ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይለሰልሳል፦ «እማማ፣ አያስቡ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ነው የሚከፍሉት፤ ወለድ የለውም። እዚህ ጋ በጣትዎ ይፈርሙልኝ።» እማማም ይፈርማሉ። ከሐኪም ቤቱ ጋር በየወሩ ለመክፈል የተስማሙ ይመስላቸዋል እንጂ በስማቸው ክሬዲት ካርድ መከፈቱን የሚያውቁት ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ነው። ልጅቱም ክፋት የላትም፤ የተማረችውን ነው የተናገረችው።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2013 የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ፣ ያኔ የጂኢ ካፒታል ሪቴይል ባንክ ንብረት የነበረው ኬርክሬዲት ለደንበኞቹ እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አዘዘ። ጥፋቱ በትክክል ይኸው ነበር፦ በጥርስና በሌሎች ሐኪም ቤቶች ካርዱን ያስፈረሙ ሠራተኞች የይደር ወለድ መሆኑን በቅጡ አላስረዱም፤ ብዙ ታካሚዎች ወለድ የሌለው ካርድ የያዙ መስሏቸው ነበር። ኬርክሬዲት ዛሬ በሲንክሮኒ ሥር ሆኖ ይሠራል፤ የይደር ወለድ ውሎችንም ማቅረቡን ቀጥሏል። አሠራሩ ሕጋዊ ነው፤ የተቀጣው አለማስረዳቱ ነው። እርስዎ ግን ከመፈረምዎ በፊት ሐኪም ቤቱ ራሱ፣ ያለ ባንክ፣ በየወሩ መቀበል ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ይችላሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም።

አሁን ወደ ትንሹ ቅጣት፣ ወደ ሌት ፊ እንመለስ፤ ትንሽ ቢሆንም ከትልቁ ጋር የሚያገናኘው የማይታይ ገመድ አለ።

በ2009 የወጣውና «የካርድ ሕግ» በሚል ስም የሚታወቀው አዋጅ የመዘግየት ቅጣትን «ተመጣጣኝ» እንዲሆን አዘዘ። በዚሁ መሠረት ባንኮች ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ሊያስከፍሉት የሚችሉት ጣሪያ በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ መዘግየት 25 ዶላር፣ በሚቀጥሉት ስድስት የቢል ዙሮች ውስጥ ለሚደገም 35 ዶላር ሆነ፤ ከኑሮ ውድነት ጋር እያደገ ወደ 30 እና 41 ዶላር ደረሰ። በማርች 2024 ቢሮው የትልልቅ ባንኮችን ቅጣት ወደ 8 ዶላር ለማውረድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሥራ ላይ ሳይውል አገደው፣ በኤፕሪል 2025 ጭራሽ ሻረው። «ሌት ፊ 8 ዶላር ሆኗል» የሚል ወሬ ዛሬም በየቡና ቤቱ ይሰማል፤ አልሆነም።

ሕጉ የሰጣቸው ሌሎች መከላከያዎች ግን አሉ፤ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ቅጣቱ ከዚያ ወር ሚኒመም ሊበልጥ አይችልም፤ ሚኒመሙ 29 ዶላር ከሆነ ቅጣቱም ከ29 አያልፍም። በአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት የለም፤ ክፍያዎ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረ ቢመለስና በዚያው ምክንያት ቢዘገይ አንዱን ብቻ ነው የሚያስከፍሉዎት። ቢሉ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ መላክ አለበት፤ የመክፈያው ቀን በየወሩ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በፖስታ የሚላክ ክፍያ በዚያ ቀን እስከ 5 ፒኤም ከደረሰ በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ቀኑ ባንኩ ፖስታ የማይቀበልበት እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ በማግስቱ የደረሰውም ያልፋል። በኢንተርኔት ለሚከፍል የሰዓቱ ገደብ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ሌሊት 6 ሰዓት እስኪሞላ መጠበቅ አጉል ድፍረት ነው።

ሰው በጣም የሚፈራው «አንድ ቀን ካሳለፍኩ የ12 ወሩ ዕድል ይሰረዝብኛል» የሚለውን ነው። ከ2010 ወዲህ እንዲህ አይደለም። ባንኩ የይደሩን ጊዜ ከቀኑ በፊት ማቋረጥ የሚችለው ክፍያዎ ከ60 ቀን በላይ ሲዘገይ ነው። ለክሬዲት ነጥብዎም ቢሆን መዘግየቱ ለክሬዲት መዝጋቢዎቹ ለኤኩዊፋክስ፣ ለኤክስፒርያንና ለትራንስዩኒየን የሚነገረው 30 ቀን ሲሞላው ነው፤ ከተነገረ ግን ሰባት ዓመት ተጽፎ ይቆያል። ስለዚህ በአራት ቀን የዘገየ ሰው የሚያጣው የቅጣቱን 30 ዶላር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው።

በተግባር የሚሆነውን በእነዚያ ባልና ሚስት እንየው። ብልህ ናቸው፤ 2,400ን ለ12 አካፍለው በየወሩ 200 ዶላር ሊከፍሉ ወስነዋል። በጁላይ መጨረሻ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ልጆቹን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ኦገስት 10 ደረሰ። ባል የባንኩን ድረ ገጽ ከፈተ፤ ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ ልልክ ነው አለ፤ ኮዱ የሚላከው ለአሜሪካው ስልክ ቁጥር ነው፤ የአሜሪካው ሲም ደግሞ ወጥቶ በኢትዮ ቴሌኮም ተተክቷል። ሚስት «ሲሙን የት ነው ያስቀመጥከው?» ትላለች፤ «ከፓስፖርቱ ጋር ነበር» ይላል፤ ፓስፖርቱ ያለው አያቶቹ ቤት ነው። ሲሙ ተገኝቶ ክፍያው ሲላክ ኦገስት 14 ሆኗል። 30 ዶላር ሌት ፊ ተጻፈ። «ይሁን፣ በ30 ዶላር አንሞትም» ተባብለው ተዉት።

ከዚያ በኋላ አንድም ወር አልዘገዩም። ሴፕቴምበር ላይ የላኩት 200 ዶላር ግን ሁሉም ወደ ሶፋው አልሄደም። ሌት ፊው ወለድ በሚያስቆጥረው በመደበኛው ዕዳ ላይ ተደምሮ ስለነበር፣ ከዚያ ክፍያ 30 ዶላርና ጥቂት ሳንቲም ቅጣቱን ዘጋ፤ ለሶፋው 170 ያህል ቀረ። እነሱ 200 መላካቸውን ያውቃሉ እንጂ ቢሉን መክፈት ትተዋል። ማርች 10 ላይ አሥራ ሁለተኛውን 200 ልከው «ጨረስን» አሉ። ማርች 14 ሲያልፍ ሶፋው ላይ 30 ዶላር ገደማ ቀርቶ ነበር። የዓመቱ ወለድ መጣ፦ ወደ 390 ዶላር፤ ባንኩ ወለድን በወለድ ላይ የሚያስብ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። በኦገስት የአራት ቀን መዘግየት የመጣችው 30 ዶላር በማርች ከአሥር እጥፍ በላይ ወልዳ ተመለሰች።

የመክፈያ ቀናቸው በወሩ 10ኛው መሆኑም ዕድለኛ አድርጓቸው ነበር። 20ኛው ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለተኛው ክፍያ የሚውለው ማርች 20፣ የይደሩ ቀን ካለፈ ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ያኔ አንድም ጊዜ ሳይዘገዩ፣ ሂሳባቸውም ልክ ሆኖ፣ 200 ዶላር ቀርቶባቸው ሙሉውን ወለድ ይከፍሉ ነበር። «በ12 ወር» ሲባል 12 የመክፈያ ቀን አለ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለ12 አያካፍሉ፤ ለ11 ያካፍሉ። 2,400 ለ11 ሲካፈል 218 ዶላር ከ18 ሳንቲም ነው፤ ሞላ አድርገው 220 ይበሉት። በአሥራ አንደኛው ወር ያልቃል፤ አንድ ሙሉ ወር መጠባበቂያ ይኖርዎታል። የ6 ወር ውል ከሆነ ለ5፣ የ18 ከሆነ ለ17። አውቶ ፔይ ሲያስገቡ ባንኩ ብዙውን ጊዜ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ሚኒመም፣ የቢሉ ሙሉ ሂሳብ፣ ወይም እርስዎ የሚወስኑት ገንዘብ። አስቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቅዎት ሚኒመም ሊሆን ስለሚችል ሦስተኛውን መርጠው 220 ብለው ይጻፉ። የደመወዝ ቀንዎ 15 ከሆነና ቢሉ 10 ላይ ከሆነ ደውለው ቀኑን እንዲያዛውሩልዎት ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ባንኮች ያዛውራሉ። ካዛወሩ በኋላ ግን ከይደሩ ቀን በፊት ስንት ክፍያ እንደሚውል እንደገና ያስሉ፤ የይደሩ ቀን አብሮ አይዛወርም።

በዚያው ካርድ ላይ ሌላ ነገር አይግዙ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ተራ ምክር ሰምቶ ያልፈዋል፤ ምክንያቱ ግን ሕጉ ውስጥ ነው። የካርድ ሕጉ ከሚኒመም በላይ የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ እንዲሄድ ያዝዛል። ለመደበኛ ካርድ ትልቅ ጥበቃ ነው። የይደር ወለድ ያለው ዕዳ ግን ለጊዜው እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል። በሶፋው ካርድ የ300 ዶላር ምንጣፍ ያለ ይደር ከገዙ፣ ለሶፋው ብለው የሚልኩት ገንዘብ መጀመሪያ ምንጣፉን ይከፍላል። ሕጉ ለዚህም መላ አበጅቷል፤ የይደሩ ጊዜ ሊያበቃ ሁለት የቢል ዙር ሲቀር ከሚኒመም በላይ ያለው ሁሉ ቅድሚያ ወደ ይደሩ ዕዳ ይዞራል። ሁለት ወር ግን የአሥር ወርን ጉድለት አይሞላም።

ማብቂያው ወር ተኩል ሲቀረው ይቀመጡና ቢሉን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። በይደሩ መስመር ላይ የቀረው ገንዘብ እርስዎ ከሚያስቡት ጋር ይስማማል? ከበለጠ ልዩነቱን ዛሬውኑ ይላኩ። ትንሽ ከሆነ ከእቁብም ይሁን ከወንድም ተበድረው ይዝጉት፤ ለ30 ዶላር 390 ከመክፈል የሚብስ ብድር የለም። ብዙ ከሆነስ? 1,500 ዶላር ቢቀርና የሚከፈል ነገር ባይኖር፣ ዕዳውን እውነተኛ ዜሮ በመቶ ወዳለው ሌላ ካርድ ማዛወር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል፤ ከ45 እስከ 75 ዶላር መሆኑ ነው፤ የሚጠብቅዎት የይደር ወለድ ደግሞ ከ600 በላይ ነው። ለአዲስ ካርድ የማይበቃ ሰው ክሬዲት ዩኒየን ይሞክር፤ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች የብድር ወለድ ጣሪያ በአብዛኛው 18 በመቶ ነው። ዝውውር ቀናት ይፈጃል፤ ማርች 12 ላይ አስቦ ማርች 14ን የሚቀድም የለም።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ «ታዲያ ለምን ጭራሽ አይቅርብኝ?» ቢሉ አልቃወምዎትም። 2,400 ዶላሩ ባንክ ያለው፣ ገንዘቡን ግን ለድንገተኛ ነገር ማቆየት የፈለገ ሰው በሌላው ገንዘብ 11 ወር በነፃ ይጠቀማል፤ ውሉ ለእሱ ጥሩ ነው። ገንዘቡ የሌለውና «ታክስ ሪፈንዴ ሲመጣ እዘጋዋለሁ» የሚል ግን ሪፈንዱ በየትኛው ሳምንት እንደሚመጣ ከወዲሁ አያውቅም፤ ማርች 14 ደግሞ ሪፈንዱን አይጠብቅም።

ወለዱ አንዴ ከተጻፈ በኋላስ? መጀመሪያ የቀረውን ዕዳ ይክፈሉ፤ ክርክሩ እየተካሄደ አዲስ ወለድ እንዳይበቅል። ከዚያ በቀጥታ ይደውሉ። ዓመቱን ሙሉ በቀኑ የከፈለ፣ በጥቂት ዶላር ወይም በጥቂት ቀን ያለፈው ሰው ከሆኑ፣ «ለአንድ ጊዜ እንዲያነሱልኝ እጠይቃለሁ» ይበሉ። ግዴታ የለባቸውም፤ የመጀመሪያው ሠራተኛ «አይቻልም» ቢልም የበላዩን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሌት ፊም እንዲሁ፤ የመጀመሪያ ጊዜዎ ከሆነ በአንድ ስልክ ሊነሳ ይችላል፤ ባልና ሚስቱ ኦገስት ላይ ይህችን ስልክ ቢደውሉ ኖሮ ማርች ላይ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

ስህተቱ የባንኩ ከሆነ ግን፣ ማለትም ክፍያዎን በትክክል ካልመዘገበ ወይም የይደሩን ቀን ከውሉ ለይቶ ከጻፈ፣ ልመናው ወደ መብት ይለወጣል። ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ። ደብዳቤውን ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ አይላኩ፤ ቢሉ ጀርባ ላይ ለጥያቄና ለቅሬታ የተሰጠ ሌላ አድራሻ አለ። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በሁለት የቢል ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መልስ መስጠት አለበት። እስከዚያ ድረስ የሚከራከሩበትን ገንዘብ ብቻ መያዝ ይችላሉ፤ የቀረው በየወሩ 10ኛው ቀን መከፈሉን ይቀጥላል።